ሙያችን ስም ይውጣለት፤ ከጎንደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከወጣቶች ጋር ለሚሠሩ ሰዎች የሙያ ደረጃ፣ ስልጠናና የብቃት ምዘና እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

እዚህ ጎንደር በአንድ የወጣት ማዕከል መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ልጆቹ «ኮች» ይሉኛል። አሠልጣኝ ሆኜ አላውቅም፤ ኳስ ስመታ ብታዩኝ ትስቃላችሁ። ዘበኛው «አለቃ» ይለኛል፤ የማዘው ሰው ግን የለም። የሰፈሩ እናቶች ደግሞ «ያ የጆተኒው ቤት ልጅ» ነው የሚሉኝ። ሥራህ ምንድን ነው ስባል እንደ ጠያቂው እያየሁ እመልሳለሁ። ፈረንጆቹ «ዩዝ ወርከር» ይሉታል። ወደ አማርኛ ሲመጣ «ወጣት ሠራተኛ» ይሆንና ዕድሜዬን የተናገርኩ ያስመስለዋል። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ስለዚህ ወጣት አይደለሁም። ደመወዝ የምፈርምበት ወረቀት ላይ ደግሞ ንብረት ያዥ ነኝ።

ንብረቱ ሁለት ጆተኒ፣ አንድ ፑል፣ አንድ ቴሌቪዥንና ሃያ ስምንት ወንበር ነው። እሱን መያዝ አላቃተኝም። ያቃተኝን ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከአዘዞ በኩል የሚመጣ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ጆተኒው አጠገብ ይቆማል እንጂ አይጫወትም። ኳሷ ከጠረጴዛው ስትወጣ አንስቶ ያቀብላቸዋል። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ቆመ። አንድ ማታ ስንዘጋ ወደ ኋላ ቀረና «ኮች፣ አራት መቶ ብር አለህ?» አለኝ። ለምን ስለው «የመተማ መሳፈሪያ፤ ሰሊጥ አረማ» አለ።

እኔ ስለ ትምህርት ጥቅም አስረዳሁት። ሃያ ደቂቃ ያህል። ከአንድ ስልጠና ያመጣሁት ስለ ስደት የሚያስጠነቅቅ ፖስተር ግድግዳው ላይ ነበርና ወደሱም እያመለከትኩ ጨመርኩለት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። «እሺ ኮች» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ጓደኞቹ እንደነገሩኝ እናቱ ታማ ተኝታ ነበር፤ የቤት ኪራይም የስንት ወር ተጠራቅሞባቸዋል። እኔ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ሰነፍ ስለሆንኩ አይመስለኝም። ክፉም አይደለሁም። አላውቅበትም ነበር፤ በቃ።

ስልጠና አልወሰድክም ወይ ካላችሁ፣ ቤቴ ውስጥ አንድ ክላሰር አለ። አሥራ አንድ ሰርተፍኬት ይዟል። የሕይወት ክህሎት፣ ሥነ ተዋልዶ ጤና፣ ሰላም ግንባታ፣ ሥራ ፈጠራ፣ እንደገና ሰላም ግንባታ። ሁሉም የሦስት ቀን፣ ቢበዛ የአምስት ቀን ናቸው። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ሻይ ቡና፣ አበል፣ የቡድን ፎቶ። አልዋሽም፣ አበሉ ጠቅሞኛል። ግን ካሠለጠኑኝ ሰዎች ውስጥ ማዕከሉ ድረስ መጥቶ «እስቲ ስትሠራ ልይህ» ያለኝ አንድም የለም።

በሥራዬ ሌቭል ይዤ ልማር ብዬ ኮሌጆችም ዞሬያለሁ። አንዷ መዝጋቢ አዘነችልኝ መሰለኝ የሙያ ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች ፈለገችልኝ። አካውንቲንግ፣ አይሲቲ፣ ጋርመንት፣ ምግብ ዝግጅት። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ «ፀጉር ሥራ አለ፤ ወጣት ይበዛበታል» አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው። ባትስቁባት ደስ ይለኛል፤ እኔ ግን ደረጃው ላይ ወጥቼ ስቄያለሁ።

በመጨረሻ ሶሻል ወርክ ገባሁ። ቅዳሜና እሁድ፣ ከኪሴ እየከፈልኩ። በመጀመሪያው ሴሚስተር መምህራችን ሁለት ሁለት አድርጋ አስቀመጠችን። አንዱ የሚያስጨንቀውን ያወራል፣ ሌላው አሥር ደቂቃ ምክር ሳይሰጥ ያዳምጣል። ቀላል ይመስላል አይደል? ከክፍሉ አምስት ደቂቃ የቆየ አልነበረም። እኔ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ስማ፣ እኔ አንተን ብሆን…» ብዬ ጀመርኩ። መምህሯ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ምንም አላለችም፤ ትከሻዬን መታ አድርጋኝ አለፈች። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አሥሩን ደቂቃ ቻልኩት። ሰው ይሄን የሚችለው በፀባይ ነው ስንል ኖረናል። ለካ እንደ ብየዳ የሚለመድ ነገር ነው። አጠገብህ ቆሞ የሚያይህ ሰው ብቻ ይፈልጋል።

ሶሻል ወርክ ጥሩ ትምህርት ነው። ግን የእኔን ሥራ ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም። ሶሻል ወርከር ዘንድ ሰው የሚሄደው ችግሩን ይዞ ነው። እኔ ዘንድ ልጁ የሚመጣው ፑል ሊጫወት ነው። ችግር ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ካልተመቸው ደግሞ ወጥቶ ይሄዳል። ስም ጠርቼ ቀሪ የምለው ተማሪ አይደለም። በገዛ ፈቃዱ የመጣን ልጅ በገዛ ፈቃዱ እንዲቆይ ማድረግ፣ ከዚያም ጨዋታውን ወደ ወሬ፣ ወሬውን ወደ አንድ ነገር ማምጣት፤ ሥራው ይሄ ነው።

ይህን እንደ ሙያ ያስተማሩ አገሮች አሉ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ የመንግሥት ኮሚቴ ሙሉ ጊዜ የሚሠሩ ባለሙያዎች እንደሚያንሱ ሪፖርት አቀረበ። በዓመቱ ሌስተር ላይ የአንድ ዓመት ስልጠና የሚሰጥ ኮሌጅ ተከፈተ። ዛሬ እዚያ ሙሉ ባለሙያ ለመባል ዲግሪ ያስፈልጋል፤ በዲግሪው ውስጥ ቢያንስ 800 ሰዓት የተግባር ሥራ አለ። ለረዳቶች ደግሞ ከሥር በደረጃ የሚሰጥ ስልጠና አላቸው። ማልታ እ.ኤ.አ. በ2014 ሙያውን በሕግ አቋቁማዋለች። የእንግሊዝን ሁሉ እንቅዳ አላልኩም። እነሱም በጀት ሲጠብባቸው ብዙ የወጣት ማዕከል ዘግተዋል።

ደግሞ ምሳሌ ፍለጋ ሌስተር ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ደምቢያ ላይ ወባ ሰው ስትፈጅ በአገሩ በቂ ሐኪም አልነበረም። ሐኪም እስኪበዛ ይጠበቅ አልተባለም። በ1947 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ይማሩ፣ አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እሱ ነው። አብሮ የመውጣቱ ልማድ ቲቲፒ (የቡድን ስልጠና ፕሮግራም) በሚል ስም እስከ ዛሬ ቀጥሏል። «ጤና መኮንን» ያኔ ሰው የማያውቀው ስም ነበር። አሁን አያቴ እንኳ ትለዋለች።

ጤና ኤክስቴንሽንም ያው ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች፣ የአንድ ዓመት ስልጠና፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት። በየበሩ ገቡ።

ለወጣቱ የመጣለት ብር ነው። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ። እኔም ያኔ ተደራጅቻለሁ፤ አምስት ሆነን ብሎኬት ልናመርት። ቢዝነስ ፕላን የሚያስሞላን ሰው ነበረ። ማኅተም የሚያስቀርጸንም ነበረ። በሰባተኛው ወር በአንድ ጋሪ ሲሚንቶ ስንጣላ ግን የሚያነጋግረን አልነበረም። ሁለቱ ዛሬም ሰላም አይሉኝም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ሥራችን የሙያ ደረጃ ይውጣለት፣ ከታች ካለው ሌቭል ጀምሮ እየተሠራበት ወደ ላይ የሚኬድበት። ስሙን ደህና አማርኛ የሚያውቅ ሰው ያውጣለት፤ «የወጣቶች ጉዳይ ባለሙያ» ብቻ አትበሉን፤ እሱ ቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት የሚጽፈው ነው። ስልጠናው ከግማሽ በላይ ማዕከል ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት፣ የሚያይና የሚያርም ሰው ባለበት ይሁን። በልምድ ስንሠራ የቆየን ደግሞ ሲኦሲ፣ ማለትም የብቃት ምዘናውን፣ እንድንፈተን በሩ ይከፈትልን። ብወድቅ ግድ የለኝም። ቢያንስ የጎደለኝን አውቀዋለሁ።

ሙከራውን ጎንደር ላይ ጀምሩት። ዩኒቨርሲቲ አለን፣ ፖሊቴክኒክ አለን፣ ልጆቹም አሉን። «ጊዜው ሲረጋጋ» እንዳትሉኝ ግን እፈራለሁ። ያለፉት ዓመታት እዚህ እንዴት እንደነበሩ ታውቃላችሁ። አንዳንድ ቀን በጊዜ ዘግተን እንገባለን፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አንከፍትም። በከፈትን ቀን ግን ማዕከሉ ሞልቶ ነው የሚያመሸው። ያኔም ወባዋ እስክትቆም አልተጠበቀም።

መልስ ካላችሁ በማዕከሉ አድራሻ «ለንብረት ያዡ» ብላችሁ ጻፉልኝ። ለጊዜው ደብዳቤ የሚደርሰኝ በዚያ ስም ነው።

ከሰላምታ ጋር
ጎንደር

ግልባጭ፦
ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለጎንደር ከተማ አስተዳደር