ለልጆቻችን መምህርት ደመወዝ እናዋጣ

ጎረቤቶቻችን፣ የእድራችን አባላት፣ ውጭ አገር ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፤

በኮንዶሚኒየማችን የምንኖር፣ ኦቲዝም (ንግግርንና ከሰው ጋር መግባባትን የሚያስቸግር የአእምሮ እድገት ሁኔታ) ያለባቸው ልጆች ወላጆች ተሰባስበን የቀን መዋያ ልንከፍት ነው። ኮሚቴው ከጋራ መጠቀሚያ ቤቶቹ አንዱን ፈቅዶልናል። ቀለሙን ራሳችን ቀብተናል፣ ምንጣፉም ተነጥፏል። የቀረን ሰው ነው። አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርትና አንዲት ረዳት ቀጥረን፣ ለአንድ ዓመት ደመወዛቸውን ሳናቆራርጥ መክፈል እንፈልጋለን።

በበዓል ሰሞን ልብስና መጫወቻ የሚያመጡልን አሉ፤ እግዜር ይስጥልን። ለእነዚህ ልጆች ግን ከመጫወቻ በላይ የለመዱት ሰው ያስፈልጋቸዋል። አፉን ያልፈታ ልጅ ውሃ ሲጠማው የሥዕል ካርድ አንስቶ እንዲጠይቅ ማስተማር ወራት ሊፈጅ ይችላል። መምህርቷ ደመወዝ አጥታ ከሄደች ልጁ ይረበሻል፤ ሌላ ሰው እስኪለምድ የያዘውም ሊጠፋው ይችላል። ሲጮህ ወይም ራሱን ሲመታ ደግሞ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል። የሚሰማውን የሚናገርበት መንገድ አጥቶ እኮ ነው!

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ የራሳቸውን ልጅ ይዘው አደባባይ ወጡ። ብዙ እናቶች ከእሳቸው ድፍረት አግኝተዋል። ነህምያ የተባለውን የመሰለ የኦቲዝም ማዕከልም ተከፍቷል። ግን ለሁሉም አይዳረሱም። ጫጫታ የሚያስጨንቀውን ልጅ ይዞ ታክሲ እየቀያየሩ መድረሱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

በተለይ የሚያሳስቡን ጎረምሶቹ ናቸው። ትንሽ ልጅ ሲያለቅስ ሰው ያዝናል፤ ጢም ያወጣው ሲጮህ ግን ይሸሻል። እናት በሯን ዘግታ ትቀመጣለች። ሥራው፣ ለቅሶው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ ሁሉ ይቀርባታል። ከሰዓት በኋላ ጎረምሶቹን ሽንኩርት መክተፍ፣ ልብስ ማጠብ፣ ሱቅ ሄዶ ዳቦ መግዛት ልናለማምድ አስበናል።

ኑሮው ለማንም እንደከበደ እናውቃለን። ደመወዝ በየወሩ ስለሆነ፣ በወር 100 ብርም ብትሆን የማትቋረጥ መዋጮ ትጠቅመናለች። የእድራችን ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ይቀበላሉ። ገቢና ወጪው በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ይነበባል። ውጭ ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። ገንዘብ የሌለው በሳምንት ግማሽ ቀን መጥቶ ያግዘን።

ልጃችሁን ቤት ውስጥ ይዛችሁ የተቀመጣችሁም ኑ። ምዝገባው ጠዋት ጠዋት ኮሚቴው በፈቀደልን የጋራ መጠቀሚያ ቤት ነው፤ ክፍያ የለውም።