አቧራውን በደረቁ አትጥረጉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ መኪና ቀለም አያያዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ጀምሬ ተናድጄ ጨረስኩት። ሴራሚክ የሚባለውን የቀለም መከላከያ ስፕሬይ ገዝቶ መንፋት ብቻ በቂ እንደሆነ አድርጋችሁ ነው የጻፋችሁት። ከመንፋቱ በፊት ምን እንደሚደረግ አንድ መስመር እንኳ የለም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ጋራዥ ውስጥ ቀለም ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በቀጥታ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ የብዙ መኪና ቀለም የሚበላሸው ሲታጠብና ሲጠረግ ነው። ፀሐዩ አይጎዳም እያልኩ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ እየጨመረ ይሄዳል፤ ስለዚህ ውጭ የምትውል መኪና ጣሪያዋና ኮፈኗ ቢነጣ አይገርምም። ግን በሮቹን እዩ። በር ላይ ፀሐይ እንደ ጣሪያ አናት በአናት አያርፍም። ማታ የስልካችሁን መብራት ወደ በሩ ጠጋ አድርጋችሁ አብሩበት። በመብራቱ ዙሪያ ክብ እየሠራ የሚዞር ስስ ጭረት ታያላችሁ፣ በተለይ መኪናዋ ጥቁር ከሆነች። እሱ የጨርቅ ሥራ ነው።

ጠዋት ስትወጡ የግቢው ጥበቃ መኪናዋን ጠርጎ ይጠብቃችኋል። ደግ ሰው ነው፣ ለሻይ የሆነች ነገር ብትሰጡት ብሎ ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ያቺን ጨርቅ አንድ ቀን ተቀብላችሁ እዩዋት። ትናንት የጎረቤት መኪና የተጠረገባት፣ መሬት ወድቃ የተነሣች፣ ባልዲ ውስጥ ተነክራ የተጨመቀች ጨርቅ ናት። በሁለት ጣታችሁ ሻሸት አድርጓት፤ አሸዋው ይሰማችኋል። መኪናዋ ላይ ያለውም ተራ አቧራ አይደለም። ከተማው እየፈረሰ እየተሠራ ነው፣ በየመንገዱ ቁፋሮ ነው፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። አቧራው ውስጥ የተፈጨ ድንጋይ አለ። እሱን በደረቁ መጥረግ መኪናዋን በብርጭቆ ወረቀት ከማሸት አይለይም። ጨርቁ ትንሽ እርጥብ ቢሆንም ያው ነው።

የፋብሪካ ቀለም ከታች ካለው ፕራይመር ጀምሮ እስከ ላይኛው ክሊር፣ ማለትም ቀለም አልባው አንጸባራቂ ሽፋን ድረስ፣ ሁሉም ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው ውፍረቱ፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን 40 ወይም 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። እንግዲህ መኪናችሁን ከዝናቡም ከወፍ ኩሱም የሚጠብቃት ከፀጉር የቀጠነ ሽፋን ነው። ጭረት በፖሊሽ ይጠፋል ይባላል። ይጠፋል፣ ግን የሚጠፋው ዙሪያው ያለው ክሊር ተፍቆ ከጭረቱ ወለል ጋር እኩል ሲሆን ነው። በየዓመቱ የፖሊሽ ማሽን የምታስመቱ ከሆነ በየዓመቱ ክሊር እየቀነሳችሁ ነው። ሲያልቅ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው መፍትሔ እንደገና ማስቀባት ነው፣ ዋጋውን ደግሞ ያየው ያውቀዋል።

ስለዚህ ጨርቅም ስፖንጅም ሳይነካት በፊት መኪናዋ በውሃ ትራስ። ከላይ ወደ ታች። አቧራው እንዲለሰልስ ትንሽ ጠብቁና ድገሙት። ውሃ ከየት ይምጣ የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እኛም ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቧንቧ ላይ የሚሰካ ጎማ የግድ አይደለም። የአትክልት መድኃኒት የሚረጭበት፣ በእጅ አየር የሚሞላ መርጫ አለ አይደል? አዲሱን፣ መድኃኒት ያልገባበትን ገዝታችሁ በእሱ እርጩ። ለትንሽ መኪና አንድ 20 ሊትር ጀሪካን በቁጠባ ከተያዘ ብዙ ይሠራል። ለማጠቢያው ደግሞ ሁለት ባልዲ፣ አንዱ ሳሙና ያለበት፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። ከመኪናዋ የተመለሰው ስፖንጅ መጀመሪያ ንጹሑ ውሃ ውስጥ ይታጠባል፣ ከዚያ ነው ሳሙናው ውስጥ የሚገባው። መጨረሻ ላይ የማለቅለቂያው ባልዲ ሥር ያለውን ዝቃጭ እዩት። በአንድ ባልዲ ብታጥቡ ኖሮ ያ ሁሉ ተመልሶ ኮፈኑ ላይ ይወጣ ነበር።

ሳሙናውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሁላችንም ኦሞ የምንለው የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅባትና እድፍ ከልብስ እንዲነቅል የተሠራ፣ አልካሊ የበዛበት ነገር ነው። ሰም የተቀባ መኪና ላይ ሰሙን ይዞት ይሄዳል፣ ጎሚኒውን ያደርቃል፣ ያልሟሟው ዱቄት ደግሞ ራሱ ይቧጭራል። የመኪና ሻምፖ ለስላሳ ነው፣ አንድ ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ ይሄዳል፣ ለአንድ ባልዲ ክዳኗን ሞልቶ ማፍሰስ ይበቃል። እሱ ባይገኝ የእጅ ወይም የፀጉር ለስላሳ ሻምፖ ከኦሞ ይሻላል። ናፍጣ በጨርቅ ነክረው ቦዲ የሚወለውሉም አሉ፣ ያብለጨልጫል እያሉ። ለግማሽ ቀን ያብለጨልጫል። ከዚያ የመንገዱን አቧራ በሙሉ ሰብስቦ ይይዛል፣ ጎሚኒና ፕላስቲኩንም ይጎዳል። ጭረትን በጥርስ ሳሙና የማሸቱን ነገር ተዉት፣ አላወራበትም።

አንድ ላቫጆ በር ላይ ተቀምጬ ቡና ስጠጣ ያየሁትን ልጨምር። ልጁ ስፖንጁን ይዞ ቸርኬውን አሸ፣ ከጎማው ላይ ጥቁር ጭቃ ጠረገ፣ በዚያው ስፖንጅ ቀና ብሎ በሩን ያዘ። ቸርኬ ላይ ያለው ጥቁር ነገር እኮ ከፍሬን ሸራና ከዲስክ የተፈገፈገ ብረት ነው። በልጁ አልፈርድም። በመኪና ብዛት ነው የሚከፈለው፣ ከኋላ አምስት መኪና ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል። ጥፋቱ አንድ ስፖንጅና አንድ ባልዲ የሰጠው ባለቤት ላይ ነው። ቤት የምታጥቡ ግን ማንም አያስቸኩላችሁምና ለቸርኬ የብቻው ጨርቅ ያዙ፣ እንዳይምታታባችሁም ቀለሙ የተለየ ይሁን።

ማጠቡ ጥላ ሥር ይሁን፣ ኮፈኑም ይቀዝቅዝ። የጋለ ብረት ላይ ሳሙናው ይደርቅና የውሃው ጨው ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ማድረቂያው የድሮ ቲሸርት ሳይሆን ወፍራም ማይክሮፋይበር ይሁን፣ ስታደርቁም ጣል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት።

ጎረቤት ልስን ሲያስለስን የሲሚንቶ ፍንጣሪ መኪና ላይ ያርፋል። ይሄ ሰው ሁሉ በጥፍሩ የሚፍቀው ነገር ነው። እባካችሁ አትፋቁ። ትኩስ ከሆነ በብዙ ውሃ ወዲያው አውርዱት። ከደረቀ አቼቶና ውሃ እኩል በጥብጣችሁ፣ ጨርቅ ነክራችሁ ላዩ ላይ አስቀምጡና ጠብቁት። ሲሚንቶ አሲድ አይችልም፣ ይለሰልስና በራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ ድገሙት። ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ ነው፣ አቼቶውም እንዳይቆይበት። የወፍ ኩስም እንደዚሁ በእርጥብ ሶፍት ተሸፍኖ ከራሰ በኋላ ይነሣል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ክሊሩን እየበላ ይገባል፣ ያኔ ምልክቱ በማጠብ አይወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ እናንተ ወደዘለላችሁት። መኪና ታጥባ ደርቃ ንጹሕ ስትመስል እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገቡና ኮፈኑን ቀስ ብላችሁ ዳሰስ አድርጉ። ባዶ እጅ ያልሰማውን ፌስታሉ ያሰማችኋል፣ ሸካራ ነው፣ ይጎረብጣል። ቀለሙ ውስጥ የተሰካ የብረት ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የአስፋልት ሬንጅ ነው። ሬንጁ በሬንጅ ማስለቀቂያ ይወጣል። ሌላውን የሚያነሣው ክሌይ የሚባለው ነው፣ በእጅ የሚጠፈጠፍ ለስላሳ ነገር። ቦታውን በሻምፖ ውሃ በደንብ አርጥባችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ቀጥ ባለ መስመር ወዲያ ወዲህ ታንሸራትቱታላችሁ። መጀመሪያ ያዝ ያዝ ያደርገዋል፣ ድምፅም አለው፤ ከዚያ ዝም ይልና ይንሸራተታል። ዝም ሲል ያ ቦታ ጸድቷል። ገልብጣችሁ ስታዩት ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ አጥፋችሁ አዲሱን ገጽ ታወጣላችሁ። መሬት ከወደቀ ይጣላል። ገንዘብ ነው ብላችሁ አታንሡት፣ አንዲት አሸዋ ከተጣበቀችበት ኮፈኑን ሙሉ ትሞነጭራለች። ሴራሚኩን በዚያ ሁሉ ብናኝ ላይ ብትነፉት የሚይዘው ብናኙን ነው።

ፖሊሽ የግድ ካስፈለገ ከሁሉ ለስላሳውን አስቀድሙ፣ አርባ በአርባ ሳንቲ ሜትር የምትሆን ቦታ ላይ ሞክሩና ውጤቱን አይታችሁ ቀጥሉ። የመስኮቱን ጎሚኒና ጥቁር ፕላስቲኩን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፣ ፖሊሽ ከገባባቸው ነጭ ሆነው ይቀራሉ። የበርና የኮፈን ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ነው፣ እዚያ ማሽን አታሳርፉ፣ በእጅ ይበቃል። ያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከረው ማሽን ለጀማሪ አይደለም፤ ትንሽ ከቆየበት ክሊሩን አቃጥሎ ቤዙን፣ ከሥሩ ያለውን ዋናውን ቀለም፣ ያወጣዋል።

ደግሞ የሁሉም መኪና ቀለም አንድ አይደለም። የእኛ ከተማ መኪና ግማሹ በሆነ ጊዜ በሆነ ቦታ ተቀብቷል፣ በሩም ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ የመጣ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፓራፋንጎውን፣ ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ፣ ዞሩበት፤ ማግኔቱ ላላ ያለበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ፣ ማለትም ጉድጓድ መሙያ ልስን፣ አለ፣ እዚያ ተጠንቀቁ። የድሮ ነጭ ቶዮታዎች፣ የቀለም ቁጥሩ 040 የሆነው ነጭ፣ ብዙዎቹ ከላይ ክሊር የላቸውም። በጥቁር ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ አሹበት። ጨርቁ ላይ ነጭ ከወጣ የምትፈጉት ራሱን ቀለሙን ነው፣ በሰም ተወሰኑ። በቅርቡ የተቀባ መኪና ደግሞ ቢያንስ አንድ ወር ሰምም ሴራሚክም አይነካው። እኛ ጋ አብዛኛው ጋራዥ ፎርኖ፣ ቀለም በሙቀት የሚደርቅበት ክፍል፣ የለውም፣ ቀለሙ በአየር ነው የሚደርቀው፣ ቲነሩ ቀስ እያለ መውጣት አለበት። ጋራዡ በዚያው ቀን ሰም ቀብቶ አብለጭልጮ ቢያስረክባችሁ አትደሰቱ።

ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ የፈለጋችሁትን ቀቡ። ሰም ርካሽ ነው፣ አንድ ሁለት ወር ይቆያል። ስፕሬዩ ትንሽ የበለጠ ይቆያል። እውነተኛው ሴራሚክ ዓመትና ከዚያ በላይ ይሄዳል፣ ግን ከመቀባቱ በፊት ቀለሙ በአልኮል ተወልውሎ ከፖሊሹ ዘይት መጽዳት አለበት፣ ከተቀባ በኋላም ቢያንስ ለ24 ሰዓት ውሃ እንዳይነካው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ሜዳ ላይ አትቀቡት፤ ግንቦት ላይ ጨርሱት። የጠጠር ምት ያቆማል የሚላችሁን ሻጭ ግን አትመኑት፣ አያቆምም። ያንን የሚያቆመው ወፈር ያለው የፕላስቲክ ፊልም ነው፣ እሱም ዋጋው ሌላ ነው።

ጠጠር መትቶ ብረቱ የታየበት ቦታ ካለ ሰሙን አቆዩትና መጀመሪያ እሱን ድፈኑ። የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ፣ ወይም ኮፈኑ ሥር፣ የፋብሪካው ጽሑፍ ያለበት ታፔላ አለ። ቶዮታ ከሆነች «ሲ/ቲአር» ከሚለው ጎን ያለው የመጀመሪያው ቁጥር የቀለሙ ነው። 1ኤፍ7 ብርማው ነው፣ 202 ጥቁሩ ነው። ያንን ቁጥር ይዛችሁ ቀለም ወደሚበጠብጡት ሂዱ፣ በዓይን ግምት አታስበጥብጡ። ዝገት ካለ ቀስ ብላችሁ አንሡት፣ በአልኮል ጥረጉት፣ ፕራይመሩን ጠብ አድርጉ፣ ሲደርቅ ቀለሙን በስስ ብሩሽ ደጋግማችሁ በስሱ። ነሐሴ ከመግባቱ በፊት ይሁን፣ ውሃው አንዴ ከሥር ከገባ ቀለሙ ተነፍቶ ይነሣል።

በሚቀጥለው ዕትም ቦታ ካላችሁ ይህን እንደተጻፈ አውጡልኝ። ማሳጠር ካለባችሁ የናፍጣውን ቁረጡና የፌስታሉን አስቀሩልኝ።

ከሠላምታ ጋር
ጡረተኛ ቀለም ቀቢ፣ ከመካኒሳ