ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በሁለት አነስተኛ ኤርፖርቶች መካከል ስላለው የበረራ ጊዜ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። 300 ኪሎ ሜትርን ለጄት ፍጥነት አካፍሎ «በ21 ደቂቃ ይደረሳል» ማለቱ ግን ተሳፋሪን ያሳስታል።

የተጠቀሰው ርቀት በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው አጭሩ መስመር ነው። አውሮፕላኑ ግን ከተነሣ በኋላ ዞሮ በተፈቀደለት የአየር መስመር ይገባል፣ ለማረፍም ከማኮብኮቢያው ጋር ለመስተካከል ይዞራል። በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በዚህች አጭር መንገድ ያን ፍጥነት ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሽቅብ ወጥቶ ሳይጨርስ ቁልቁል ይጀምራል። በብዙ አገሮች ደግሞ ከ10,000 ጫማ በታች ከ250 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ463 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር አይፈቀድም። በሰዓት 500 ገደማ የሚሄደው ባለፕሮፔለር አውሮፕላን አጭር መንገድ ላይ ብዙም የማይቀደመው ለዚህ ነው። ነዳጅም ይቆጥባል።

ነፋሱም አለ። ይኸው ባለፕሮፔለር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢገጥመው የ36 ደቂቃው መንገድ ወደ 43 ይሄዳል፤ ከኋላ ቢገፋው 31 ይሆናል። የመሄጃና የመመለሻው ሰዓት ሲለያይ የኅትመት ስህተት የሚመስለው ሰው አይጠፋም!

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ አንሥቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን በሙሉ ይይዛል፤ መሬት ላይ መንዳቱንም ጭምር። ሻንጣ የሚጠበቅበትን ጊዜ ግን አይጨምርም። የበረራ ጊዜውን ሠንጠረዥ ዳግም ስታወጡ የአየሩንና የትኬቱን ሰዓት ለየብቻ ብታሰፍሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ