ማስታወቂያው ይቆየን፣ መዝገቡ ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ የወጣ አንድ የካይሮፕራክተር (አከርካሪን በእጅ እያስተካከለ የሚያክም ባለሙያ) ማስታወቂያ ነው ብዕር ያስነሳኝ። ከወገብ ሕመም ጀምሮ እስከ ስኳርና ደም ግፊት ድረስ እናድናለን ይላል። እኔም በዚሁ ሙያ ነው እንጀራ የምበላው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትንሽ ክሊኒክ አለችኝ። አብዛኞቹ ታካሚዎቼ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ አዛውንት ከአልጋ የሚያነሱ የሆም ኬር ሠራተኞች። አከርካሪ በማስተካከል ስኳር ይድናል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ማስታወቂያውን አምኖ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ቢወድቅ ማን ሊጠየቅ ነው?

እውነቱን ለመናገር ሙያችን ሲወለድም ወሬው ከማስረጃው ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 አዮዋ ግዛት ዳቨንፖርት ከተማ ውስጥ ዲ.ዲ. ፓልመር የሚባል ሰው የአንድ የጽዳት ሠራተኛን አከርካሪ ተጭኜ ጆሮውን ከፈትኩለት አለ። ከዚያ ወዲህ ከሐኪሞች ጋር ስንነታረክ ኖርን። በ1976 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ተከሰሰ፤ በ1987 ካይሮፕራክተሮቹ ረቱ። ፍርድ ቤት መርታትና በሽተኛ መዳን ግን ለየቅል ናቸው።

እኔን የሚያኮራኝ ሌላው ታሪክ ነው። በ1975 የመንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ስለዚሁ ሕክምና የሚነጋገሩ ባለሙያዎችን ቤተዝዳ ላይ ሰብስቦ ነበር፤ ከክሊኒኬ ቅርብ ነው። ያኔ የተባለው አጭር ነው፦ ይሠራልም አይሠራምም ለማለት በቂ ጥናት የለም። በ2018 የታተመው ጥናት ደግሞ የወገብ ሕመም ያለባቸው 750 ወታደሮችን ይዟል፤ ከተካሄደባቸው ሦስት ቦታዎች አንዱ እዚያው ቤተዝዳ ያለው ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ነበር። በተለመደው ሕክምና ላይ ካይሮፕራክቲክ የተጨመረላቸው ከ6 ሳምንት በኋላ የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኙ። ተአምር አይደለም፣ መጠነኛ ለውጥ ነው። ግን ተለክቷል።

ፈቃዴን እንዳገኘሁ የተቀጠርኩበት ክሊኒክ ሌላ ዓለም ነበር። ታካሚው ገና ጫማውን ሳያስር የዓመት ፓኬጅ ያስፈርሙታል። ራጅ ለመጣው ሁሉ ነው። ሜዲኬር የሚባለው የአዛውንቶች የመንግሥት ጤና መድን ካይሮፕራክተር ላዘዘው ራጅ አይከፍልም፤ ስለዚህ ሂሳቡ አዛውንቱ ኪስ ላይ ያርፋል። ብዙም አልቆየሁ።

የራሴን ስከፍት ከሰው ያስተዋወቀኝ አንድ ታክሲ ሾፌር ነው። ቀኝ መቀመጫውና እግሩ እየነደደ መጣ። ዲስኬ ተንሸራቷል ብሎ ቆርጧል። የኋላ ኪሱን ሳየው ቦርሳው የዳዊት መጽሐፍ ያህላል፤ ደረሰኝ በደረሰኝ ላይ። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው በእሱ ላይ ነው። ቦርሳው ወደ ፊት ኪስ ተዛወረ፣ ቤቱ የሚሠራው እንቅስቃሴ ተሰጠው፣ እጄን ያሳረፍኩበት ከዚያ በኋላ ነው። ስንቱን ሾፌር ጎትቶ አመጣልኝ!

ወጌሻ ጋ እንደመጣ የሚያስብም አለ። "ቋ" ካላለ አልታከምኩም ይላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ሲመጣ ግን ጭራሽ አልነካውም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው የምልከው። የአከርካሪ ቲቢ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም።

የወገብ ሕመም የዕለት ኑሮን ምን ያህል እንዳወከ የሚለካ ኦስዌስትሪ የሚባል መጠይቅ አለ፤ 10 ክፍል አለው። መቀመጥ፣ መቆም፣ ዕቃ ማንሳት፣ እንቅልፍ እያለ ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን ላይ በአማርኛ እያነበብኩ እሞላዋለሁ፣ ከሳምንታት በኋላ እደግመዋለሁ። ስምንተኛው ስለ አልጋ ጉዳይ ነው። እናቶች "ውይ አንቺ ልጅ፣ እሱን እለፊው!" ይሉኛል። አልፈዋለሁ፤ ነጥቡ ከቀሩት ይሰላል። ነጥቡ ካልተሻሻለ ሌላ ባለሙያ ጋ እልካለሁ እንጂ ቀጠሮ አልደራርብም።

ጥናት የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከትንንሽ ክሊኒኮችም መረጃ ይሰበስባሉ፤ ታካሚው ፈርሞ ይፈቅዳል፣ ስሙ ከመረጃው ይሰረዛል። አማርኛ ተናጋሪዎች ካልገባንበት የእኛ ሾፌሮችና የሆም ኬር ሠራተኞች ወገብ በማንም ቁጥር ውስጥ አይገባም። የሙያ ጓደኞቼ፣ ለማስታወቂያ ከምንከፍለው ላይ ቆንጠር አድርገን ለምርምር ብንሰጥ ክሊኒካችን አይዘጋም። ታካሚዎችም ለጥናት ፈርሙ ስትባሉ ቶሎ እምቢ አትበሉ፤ ጠይቁ፣ አንብቡ፣ ከዚያ ወስኑ።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው። "እናድናለን" የሚል ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ "ጥናቱን አምጡ" በሉ። እኔም እናንተ ጋ አስተዋውቃለሁ፤ ከእኔው ጀምሩ።

አክባሪያችሁ፣
ካይሮፕራክተሯ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ