ደብተሩን እንዳታስጥዪ

ደሴ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዷ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽን ጉልበቷ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ስልክ መደወል እችል ነበር። ግን በስልክ ሲሆን «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ትዪና ትዘጊዋለሽ። ይህን ቁጭ ብለሽ እንድታነቢው ፈለግሁ።

ትናንት የእድራችን ገንዘብ ያዥ ቤት ድረስ መጣ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የሠራሽላቸውን የመዋጮ መመዝገቢያ ፕሮግራም አሳየኝ። የዓመቱን 12 ወር መዋጮ ከፍሎ የጨረሰው ሰው ሁሉ በቀይ «የ1 ወር ውዝፍ» ይለዋል። ጳጉሜን እንደ አንድ ወር ቆጥሯት ነው። ጳጉሜ መዋጮ የላትም፣ ልጄ። ቀኗን ግን በትክክል ይቁጠር። በ2015 6 ነበረች፣ ዘንድሮ 5 ነች፣ በ2019 ደግሞ 6 ትሆናለች። ይህ ይስተካከላል፤ አላስጨነቀኝም።

ያስጨነቀኝ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ የነገረኝ ነው። «ስሙ ሁሉ ገብቶ ሲያልቅ ደብተሮቹ አያስፈልጉም፣ ለሱቅ ስጧቸው ብላናለች» አለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ደብተሩን እንዳታስጥዪ።

በሥራሽ እንደማልኮራ እንዳይመስልሽ። የተማርሽበት ትምህርት ቤት መጽሐፍ የተዋሰውን ልጅ የሚያውቅበትን የሠራሽ ጊዜ ለማን ያልነገርኩት አለ? ለዶርም ጓደኞችሽ የእቁብ ዕጣ የሚያወጣውን ሠርተሽ፣ ልጆቹ «ኮምፒውተር ያወጣውን አናምንም፣ ወረቀቱ ተጠቅልሎ በዓይናችን ይውጣ» ያሉሽ ጊዜ አልቅሰሽ ደውለሽልኝ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ከሁሉም በላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ቁጥሩ ልክ ስለሆነ ብቻ አያምንም፤ ሲሠራ ማየት ይፈልጋል። ይህን በ20 ዓመትሽ አወቅሽው። እኔ የገባኝ 40 ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ያውም በሰው እንባ።

እናትሽ ታሪኩን ታውቀዋለች። አንቺ ገና አልተወለድሽም ነበር።

ያኔ የእድሩ ጸሐፊ ነበርኩ። አሮጌው መዝገብ ጠርዙ ተበልቶ፣ ገጹ እየተገነጠለ አስቸገረ። በጳጉሜ 1994 ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ አዲስ መዝገብ ገዛሁና ሦስት ሌሊት ተቀምጬ ገለበጥኩት። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ወር፣ ብር። መስመሩ ሁሉ በማስመሪያ። የእድሩ ዳኛ በጉባኤ ፊት አንስቶ አሳየው፣ ተጨበጨበልኝ። አሮጌውን ለሱቅ ሰጠሁት። ስኳርና ጨው ተጠቀለለበት።

በአሮጌው መዝገብ ላይ ከአንዲት ሴት ስም አጠገብ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ነበር። «የዓመቱን ሰኔ ላይ ባንዴ ትከፍላለች» ይላል። ልጇ ከዓረብ አገር ብር የምትልክላት በዓመት አንዴ ስለነበር የቀድሞዎቹ ዳኛና ጸሐፊ ፈቅደውላት ኖሯል። ሁለቱም ዐርፈው ነበር። ጽሑፉን አይቼዋለሁ፣ ልጄ። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። ባሰመርኳቸው ዓምዶች ውስጥ ቦታ አጣሁለትና ተውኩት።

በደንባችን 6 ወር ያልከፈለ ይሰረዛል። መጋቢት ላይ ስሟን በቀይ ሰረዝኩት። ግንቦት ላይ እናቷ ሞቱ። ጎረቤቷ ሊነግረን ሲመጣ መዝገቡን ከፍቼ ቀዩን መስመር አሳየሁት። «መዝገቡ ይኸው» አልኩት። ጥሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልተተከለም። በዚያ ላይ ዝናብ ነበር፤ ለቀስተኛው ከቤት ቤት በተሰበሰበ ወንበር፣ በአንድ የተቀደደ ሸራ ሥር ተቀመጠ።

ሰኔ ላይ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና ብሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «የዓመቱ ነው» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቆጠርኩት። አንድ ብር አልጎደለም።

ስሟን መለስነው። ሽማግሌ ይዤ ይቅርታ ጠየቅኋት፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችኝ። ቀብር ግን አይደገምም። አያትሽ ያረፉ ቀን ከሁሉ ቀድማ መሶብ ተሸክማ የገባችው እሷ ነበረች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እንግዲህ ስልኩ ላይ የሠራሽውን ሳይ የታየኝ ያ መዝገብ ነው። መስመሩ ያምራል። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ወር፣ ብር። በእርሳስ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም። እባክሽ፣ ከየሰው ስም ጎን ማስታወሻ የሚጻፍበት አንድ ሰፊ ቦታ ጨምሪ። ደግሞ ማሽኑ ብቻውን ማንንም አይሰርዝ። «ይህን ሰው ሄዳችሁ ጠይቁት» ብሎ ያሳውቅ፣ ሰው ሄዶ ይጠይቅ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ደብተሩን እንዳታስጥዪ።

ስም ስታስገቢም ተጠንቀቂ። መሥሪያ ቤት ሳለሁ ደብዳቤውን ሁሉ ፓወር ግዕዝ በሚባለው ፎንት እንጽፍ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲቀየር የሁለት ዓመት ሥራ የእንግሊዝኛ ፊደልና ሰረዝ ቅልቅል ሆኖ ወጣ። የድሮዎቹ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱን የሚጭን ሰው እስኪገኝ ያዳነን የወረቀቱ ፋይል ነው። ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ በፈረንጆቹ 1999 ፊደላችንን ካስገባ ወዲህ ያ ጣጣ ቀርቷል። ነገር ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ለማሽኑ የማይገናኙ ፊደሎች ናቸው። ፀሐይ የምትባል አባል በሁለቱ ጸ እና በሦስቱ ሀ ብቻ 6 ዓይነት ትጻፋለች። አንዱ ገንዘብ ያዥ በአንዱ መዝግቧት ሌላው በሌላው ቢፈልጋት «የለችም» ይለዋል። ፍለጋው እነዚህን ፊደሎች አንድ አድርጎ ይይ። የተጻፈው ስም ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ።

የቀብር መልእክት ላይ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አድርጊው። 9 ሰዓት የተባለውን ቀብር 3 ሰዓት ብሎ ከላከው አዛውንቱ ጠዋት መጥተው ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። የአባላቱን ስልክ ቁጥርም ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፊ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ወጥቷል፤ አዋጅ ባይኖርም የሰው ገመና ነው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቢበት። ቅጂውን በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ አትተዪ። ማታ ማታ ሌላም ቦታ ይቀመጥ።

አንቺም ተኚ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት «አባዬ ሠራልኝ!» ብለሽ የላክሽውን መልእክት ጠዋት ሳየው ደስም አለኝ፣ ተቆጣሁም። በዚያ ሰዓት የተሠራ ነገር ነው ጳጉሜን ወር የሚያደርጋት። ኢንተርንሺፕ ነው ብለሽ ምሳ እየዘለልሽ መሆኑን ወንድምሽ ነግሮኛል። በአውቶቡስ ሹፌሩ በኩል ሽሮ፣ በርበሬና ቆሎ ልኬልሻለሁ። የቅቤዋ ዕቃ ክዳኗ ይላላል፣ ቀጥ አድርገሽ ያዣት። ካርቶኑ ላይ ስልክሽን ጽፌበታለሁ፣ ሲደውልልሽ ቶሎ አንሺ።

ለመስቀል ስትመጪ የምንሄድበት ቤት አለ። ያቺ ሴት ዛሬም የእድራችን አባል ነች። ዛሬም የምትከፍለው ሰኔ ላይ ነው። ኅዳር ገብቶ ታኅሣሥ ሲተካ ያንቺ ማሽን በቀይ ያሳያታል። ሂጂና ስሟን በየትኛው ፊደል እንደምትጽፈው ከራሷ አፍ ጠይቂያት። በማስታወሻው ቦታ የምታስገቢው የመጀመሪያው ጽሑፍም የእሷ ይሁን፤ «የዓመቱን ሰኔ ላይ ባንዴ ትከፍላለች» ብለሽ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። በሽማግሌ ከሄድኩበት ቀን ወዲህ ደጇን ረግጬ አላውቅም።

የመዝገቦቹን ሣጥን ቁልፍ ዛሬ ጠዋት ከገንዘብ ያዡ ተቀብዬ እኔ ዘንድ አድርጌዋለሁ። እስክትመጪ አልሰጥም።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

የሚወድሽ አባትሽ