ካልካስ ያለውና ያላለው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ትሮይ ጦርነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ እየተቀባበልን አነበብነው። እሰየው፣ ይልመድባችሁ። ግን «የሆሜር ጀግኖች ነቢይ ያለውን ከመፈጸም ሌላ ምርጫ የላቸውም» ያላችሁት አልተዋጠልኝም።

እስቲ የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ሆሜር ስለዚያ ጦርነት የገጠመውን የኢሊያድን መጀመሪያ እንይ። አምላኩ አፖሎ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቀስቱን በግሪኮች ሰፈር ላይ ያዘንባል፣ በቅሎና ውሻ ይረግፋል፣ ከዚያ ሰው። በአሥረኛው ቀን የግሪኮቹ ጀግና አኪሌስ ጉባኤ ሲጠራ ነቢዩ ካልካስ ይነሳል። መቅሠፍቱ ከምን እንደመጣ ያውቃል፣ ግን ዝም ብሎ አይናገርም፤ አስቀድሞ አኪሌስን «ብናገር የሚቆጣ ትልቅ ሰው አለ፣ ትጠብቀኛለህ ወይ?» ብሎ ያስምለዋል። ዋስ ሳይጠራ አፉን የማይከፍት ነቢይ! ከዚያ ያፈርጠዋል፦ የግሪኮቹ አዝማች ንጉሥ አጋሜምኖን የአፖሎን ካህን ልጅ ይዞ አልሰጥም ስላለ፣ አባትየውንም አዋርዶ ስላባረረ ነው፤ ልጅቷ ያለ ካሳ ትመለስ። ንጉሡ ዓይኑ እሳት መስሎ «አንተ ሟርተኛ፣ አንድ ቀን እንኳ ደግ ነገር ነግረኸኝ አታውቅም» ይለዋል።

ልብ በሉ፣ ሰድቦም ቢሆን ልጅቷን መልሷል። ታዲያ ያ ሁሉ ጠብ ከየት መጣ? በምትኳ የአኪሌስን ምርኮኛ ሴት ብሪሴይስን ስለቀማ ነዋ! ይህንን ካልካስ አላለም፣ አፖሎም አላዘዘም። የራሱ እልህ ነው። ኋላ ላይ ደግሞ ጥፋቱን በአማልክቱ አለቃ በዜውስ ሊያላክክ ይሞክራል፤ ሹም መቼ ሰበብ አጥቶ ያውቃል።

የትሮያውያኑ መሪ ሄክቶር ጋ ነገሩ ይከብዳል። ትሮያውያን የግሪኮችን ቅጥር ሊሰብሩ ሲሉ ንስር እባብ በጥፍሩ ይዞ በግራ በኩል ይመጣል፤ እባቡ ደረቱን ሲነድፈው መሀላቸው ጥሎት ይበራል። ፖሊዳማስ «ምልኪው ጥሩ አይደለም፣ እንመለስ» ይላል። ከሄክቶር ጋር በአንድ ሌሊት የተወለደ ሰው ነው፤ አንዱ በጦር፣ ሌላው በምክር የበረታ። ሄክቶር ግን «የሚበልጠው ምልኪ አንድ ነው፣ ለአገር መዋጋት» ብሎ በጦሩ ያስፈራራዋል። ዝም ብሎ እብሪት እንዳይመስላችሁ፣ ዜውስ ድል እንደሚሰጠው ቃል ልኮለታል፤ በእጁ ሌላ ቃል አለ። ከሁለቱ የቱን ይመን? መርጦ ነው የሄደው። በኋላም ፖሊዳማስ፣ ያኔ ወፍም እባብም ሳይኖር፣ «በሌሊት ወደ ከተማ እንግባ» ሲለው እንቢ አለ። አኪሌስ ሲመጣበት ከበሩ ውጭ ቆሞ የሚያስበውም ይህንኑ ነው፤ ብገባ መጀመሪያ የሚወቅሰኝ ፖሊዳማስ ነው ይላል። አሻንጉሊት እንዲህ ያፍራል?

የግሪኩ ጀግና ኦዲሴዎስ ከጦርነቱ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚተርከው ሌላው የሆሜር ግጥም፣ ኦዲሴይ ላይማ ግልጽ ነው። ከሙታን አገር ሆኖ የሚናገረው ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬሲያስ «የፀሐይን አምላክ ከብቶች ካልነካችኋቸው አገራችሁ ትገባላችሁ፣ ከነካችኋቸው መርከቡም ሰዎቹም ይጠፋሉ» ነው ያለው። «ካልነካችኋቸው» እያለ ምርጫ የለም ይባላል? ኦዲሴዎስ ተኝቶ ሳለ ርሃብ የጠናባቸው ሰዎቹ ናቸው አርደው የበሉት።

የትሮይ ንጉሥ ልጅ የሆነችውን የካሳንድራንም ነገር አርሙልን። የምትናገረው እውነት ሆኖ የማይታመነው ካሳንድራ የሆሜር አይደለችም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 የታየው የግሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት የኤስኪለስ ድራማ ላይ ነው ያለችው። ኢሊያድ ላይ የሄክቶርን አስከሬን ይዞ የሚመጣውን አባቷን ቀድማ አይታ ትጮሃለች እንጂ አትተነብይም።

ወሎ ተቀምጦ ስለ ትንቢት አውርቶ ሼህ ሁሴን ጅብሪልን የማያነሳ የለም፣ እኛም አነሳን። ግጥማቸው በቃል ሲወርድ የመጣ ነው፣ ሰው የሚጠቅሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው፤ «ብለውት ነበር እኮ!» ሆሜርን ቁጭ ብለው የሚሰሙትም ትሮይ እንደወደቀች ያውቁ ነበር። ስለዚህ ሰሚው ልቡ የሚንጠለጠለው ምን ይሆናል ብሎ ሳይሆን፣ የተነገረው ሰው ምን ያደርጋል ብሎ ነው።

ክፍል ሁለት የምታወጡ ከሆነ ኦዲሴይ ላይ ያለውን የወፍ ምልክት ፈቺ ሃሊቴርሴስን አትዝለሉት። ሽማግሌው ሁለት ንስሮች ሲተናነቁ አይቶ ኦዲሴዎስ እየመጣ ነው ሲል፣ የኦዲሴዎስን ሚስት ለማግባት ቤቱን ከሞሉት አንዱ ዩሪማኮስ «ሂድና ለልጆችህ ተንብይ፤ ከፀሐይ በታች የሚበር ወፍ ሁሉ ምልክት አይደለም» ብሎ ያላግጥበታል። ኦዲሴዎስ ቤቱ ሲገባ ከሌላው አግቢ ነኝ ባይ ከአንቲኖስ ቀጥሎ ቀስቱ ያረፈው ዩሪማኮስ ላይ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ