እማዬ፣ ያ በሶ ለማን ነበር?

እማዬ እንደምን አለሽልኝ፣ ዓይንሽስ? ወንድሜ የዓይንሽ ፋሻ ተነስቷል ብሎኛል ግን እሱ መቼም ሁሉንም ነገር ደህና ነው ነው የሚለው ስለዚህ ራስሽ ንገሪኝ። ይሄን የልጅ ልጅሽ ታንብብልሽ፣ እየዘለለች እንዳታታልልሽ ደግሞ፣ ረጅም ነው። በስልክ ልጠይቅሽ ነበር ግን ኔትወርኩን ታውቂዋለሽ፣ ቢሰራም አንቺ "ተይው ያለፈ ነገር" ብለሽ ስለ ጨጓራዬ ነው የምታወሪኝ።

ነገሩ የተነሳው ከክፍል ነው። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት እያስተማርኩ አንዱ ልጅ እጁን አወጣና "ቲቸር ያልዘመተው ሰውስ ምን ይሰራ ነበር?" አለኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት አስተምሬ ስለ ደጀኑ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አውርቼ አላውቅም፣ ታንክና ጄኔራል ብቻ። ጦርነቱ እዚሁ ጎንደር እንኳ እንደነበር፣ ጣልያን ተከቦ መጨረሻ ላይ እጁን የሰጠው እኛ ከተማ እንደሆነ፣ ኅዳር 1934፣ ግማሾቹ አያውቁም።

በማግስቱ ዳቦ ገዝቼ ባለሱቁ ጋ በሚዛን 125 ግራም አስቆርጬ በፌስታል ይዤ ገባሁ። የሩሲያዋ ከተማ ሌኒንግራድ በጀርመን ተከባ ሳለ፣ በፈረንጅ 1941 መጨረሻ ላይ፣ የፋብሪካ ሰራተኛ በቀን 250 ግራም ዳቦ ሲያገኝ ሌላው ህዝብ ከነልጆቹ ይቺን 125 ብቻ ነበር የሚያገኘው፣ እሷም ንጹህ ዱቄት አይደለችም፣ ያልተደባለቀባት ነገር የለም። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣት ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ ቀልደኛ "እኔኮ ከዚህ ያነሰ በልቼ ነው የመጣሁት" አለና ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሲደወል ዳቦዋን ስሰጠው ግን ምንም ሳያቅማማ በላት። አይ ጊዜ።

ከዛ በኋላማ ማን ያስቁመኝ። ሩሲያ ከ1,500 በላይ ፋብሪካ ነቅላ በባቡር ወደ ኡራልና ወደ ሳይቤሪያ እንደወሰደች፣ አሜሪካ በ1942 መጀመሪያ ላይ ለህዝብ የሚሸጥ መኪና ማምረት አቁማ ፎርድ ዊሎው ራን በሚባል ፋብሪካው በ1944 በሰዓት አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያወጣ እንደነበር፣ የአውሮፕላኑን ብረት የሚያያይዘውን ሚስማር፣ ሪቬቱን፣ ከሚመቱት ብዙዎቹ ሴቶች እንደነበሩ ነገርኳቸው። የእንግሊዞቹ ሻይ በሳምንት ለአንድ ሰው 57 ግራም ገደማ ነበር፣ ያንቺ ቡና እንዲህ በግራም ቢለካብሽ ጦርነቱን አንቺው ራስሽ ነበር የምትጨርሽው። ራሽናቸው ጨርሶ የቀረው ደግሞ በ1954 ነው፣ ጦርነቱ ካለቀ 9 ዓመት ቆይቶ! ልጆቹ እምቢ ያሉኝ የስቡን ነገር ነው። የአሜሪካ እመቤቶች ከመጥበሻ የተረፈውን ስብ በቆርቆሮ አጠራቅመው ለስጋ ቤቱ ይመልሱ ነበር፣ ከስቡ ግሊሰሪን ይወጣል፣ ከግሊሰሪኑ ፈንጂ ይሰራል። "ቲቸር ከወጥ ቤት ፈንጂ?" አሉኝ። ክንዷን አጥፋ ጡንቻዋን የምታሳየዋን ሴት ፖስተር በስልኬ አሳየኋቸው።

ይሄኔ ነው አንቺ ድቅን ያልሽብኝ። አራዳ የነበረው ግቢያችን፣ በኛ አቆጣጠር 1981 ወይ 82፣ ያ ትልቅ ምጣድ፣ የተቆላ ገብስ ሽታ፣ ከቀበሌ በኮታ የመጣው ስንቅ። "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" የሶማሌ ጊዜ መፈክር ነበር አይደል፣ እኛ ልጆቹ ግን ያኔም እየጮህን እንጫወትበት ነበር። አንቺ ፖስተር ላይ እንዳለችዋ ጡንቻሽን አላሳየሽም፣ ጭሱ ዓይንሽን እያስለቀሰው በሻሽሽ ጫፍ ትጠርጊው ነበር። ሐኪሙ ሞራው የእድሜ ነው ይበል፣ እኔ ያ ጭስ ነው እላለሁ።

እና ያቺ ቀን። ካድሬው መዝገቡን ይዞ በሶውን ሊረከብ ገባ፣ በሶው መሀል ቤት ነጠላ ላይ ተዘርግቷል፣ አጎቴ ከአፈሳ ተደብቆ ኮርኒሱ ውስጥ ተኝቷል። ከዛ ከላይ ቋ አለና ትንሽ አቧራ ፍስስ ብሎ በሶው ላይ ወረደ። አንቺ ቀና እንኳን ሳትዪ "እነዚህ አይጦች ጨረሱን" አልሽ፣ እሱም "ድመት አሳድጊ እንጂ" ብሎ መጻፉን ቀጠለ። እኔ ዳቦ ቆሎ በአፌ ሞልቼ ነበር፣ ቁንጥጫሽ ጭኔን አቃጠለው። ስንት ዓመት ሙሉ እኮ የዘማች ስንቅ ስለሰረቅሁ ነው የቆነጠጥሽኝ እያልኩ ቂም ይዤብሽ ነበር! ያን ቀን ለልጆቹ ሳወራላቸው ነው የገባኝ፣ ለካ ኮርኒሱን ቀና ብዬ ስላየሁ ነው። አወራሁ አወራሁና እዛ ላይ ስደርስ ንግግሬ ቆመ፣ ጠመኔ የጠፋብኝ መስዬ መሳቢያ ስከፍት ስዘጋ ቆየሁ።

ያልገባኝ ግን ከዛ በኋላ ያለው ነው። ካድሬው ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ ብሎ ሄደ፣ አንቺ በሩን ዘጋሽ፣ በሶውን እንደገና ነፋሽው፣ ከዛ ከቁልፍ ሳጥንሽ የኛን የወር ስኳር አወጣሽና፣ እኛ ለሻይ በማንኪያ ጫፍ የምንለመነውን፣ ግማሹን በሶው ላይ አፈሰስሽው። ጆንያውን በወስፌ ሰፍተሽ ስትጨርሺ አማተብሽበት። "ለምን?" ስልሽ "ዝም በይ" ብቻ። ካድሬውን ፈርተሽ እንዳልል እሱ ስኳሩን በምን ያውቃል። ወንድምሽን ከነሱ ደብቀሽ ስኳራችንን ለነሱ መስጠትሽ እስካሁን ይከነክነኛል። አጎቴን ጠየቅሁት፣ ሳቀና "እሷን ጠይቂ፣ እኔ የሰማሁት የማንኪያውን ድምጽ ነው" አለኝ። መልሱን ለልጅቷ ንገሪያትና ትጻፍልኝ፣ እንዳለ ትጻፈው፣ እንዳታሳምረው።

ቤቱ ደህና ነው። መንገድ ሲዘጋ ዘይት ይጠፋል ሲከፈት ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው፣ ያው ነው። ጓሮ የተከልሽው ጎመን ደርሶ ለጎረቤትም ተርፏል። በአውሮፕላን በሚመጣ ሰው 2 ኪሎ በሶ ልኬልሻለሁ፣ ገብሱን ራሴ ነኝ የቆላሁት፣ ትንሽ አርሮብኛል እንዳትስቂብኝ። ስኳር የለበትም፣ ሐኪሙ ከልክሎሻል።

ልጅሽ
ከጎንደር